የወንዝ ዳሩ ለቅሶ

ዌስተን፣ ቶሮንቶ
ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ታላቅ እህት ለእትዬ አጸደ፣ አሰላ። ሰላምታዬ ከወረቀቱ ቀድሞ በራፍዎ ይግባ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ጆሮዎስ? እኔ በፈጣሪ ቸርነት አለሁ። ልጄ መክሊትም ደህና ናት።

ስልክ እያለ ምን ያስጽፍሃል ትለኛለች መክሊት። እትዬ አጸደ በስልክ «እህ?» ከማለት ሌላ አይሰሙም፣ ወረቀት ግን ጮክ በል አይልም አልኳት። ፊደሌ ዶሮ የጫረችው ቢመስልም የራሴ ነው። መሠረተ ትምህርት ገብቼ ያገኘሁት ነው፤ በሰው እጅ አላስጽፍም። እሷ በስልኳ ፎቶ አንስታ ለጎረቤትዎ ለፊርደውስ ትልካለች፤ ፊርደውስ ፎቶ ኮፒ ቤቷ አትማ ትሰጥዎታለች።

ስለ መቃብሩ የላኩት ደርሶኛል። የደብሩ አጥር ሊታደስ ስለሆነ ቦታ የያዘ ሰው ያስታውቅ፣ ያላስታወቀ ይለቃል ተብሏል ብለዋል። ከወለተማርያም ጎን ያለው ቦታ የኔ ነው። ለሰበካ ጉባኤው ይህን ይንገሩልኝ። ሌላ የምለምነው የለኝም። ስሞት ሬሳዬ መጥቶ ከሚስቴ ጎን ይረፍ፣ ይኸው ነው። በሕይወት ሳለች እኔ ቀድሜ መጣሁ፣ የእሷ ወረቀት ዘገየና ሳንገናኝ ሞተች። የኔም ወረቀት ተይዞ ለቀብሯ አልደረስኩም። ሞተን እንኳ አንለያይ።

አሁን ደግሞ ወሬ ልንገርዎት። ከምንኖርበት ፎቅ በታች ሐምበር የሚሉት ወንዝ አለ። ጠዋት ጠዋት በከዘራዬ ወርጄ ዳር ዳሩን እላለሁ። በቀደም ቅዳሜ ብወርድ ከትልቅ ዛፍ ሥር ሰው ተሰብስቦ መሬት ላይ ተቀምጧል። ምንጣፍ አንጥፈዋል፣ ጫማቸውን አውልቀዋል። የሚያወራ የለም፤ ሁሉም ዓይኑን መሬት ላይ ጥሏል። ከፊት አንዲት ባልቴት ፀጉሯን ተላጭታ፣ አመድማ ቀሚስ ለብሳ ተቀምጣለች። ወዲያው ገባኝ። ለቅሶ ነው። ባለ ለቅሶዋም እሷ ናት፣ እንደ ድሮ እናቶቻችን ፀጉሯን ጥላለታለች።

እዚህ አገር ለቅሶ የለም፣ ሰው ሲሞት ስልክ ደውለው ሥራ ይገባሉ ሲባል ነበር የምሰማው። ውሸት ነው! አንድ ዋይ የሚል ሳይኖር እንዲያ የከበደ ሐዘን አይቼ አላውቅም። ታዲያ ለቅሶ አይቶ የሚያልፍ ምን ሰው ነው? ኮፍያዬን አወለቅኩና ሴትዮዋን ቀርቤ «ሶሪ፣ ሶሪ» አልኳት። ሁለት እጇን ገጥማ ጎንበስ አለችልኝ። ከጎኗ የነበረው ሰውዬ መቀመጫ ሰጠኝ፤ ተቀመጥኩ። ማን እንደሞተባት አልጠየቅኩም። ለቅሶ ተቀምጦ ማን ሞተ ይባላል? ደግሞስ በየትኛው ቋንቋዬ?

በኋላ ደወል ተመታ። ሁሉም ተነስተው አንዱ ባንዱ ኋላ ተከታትለው በወንዙ ዳር ቀስ እያሉ መሄድ ጀመሩ። ቀብር የምንሸኝበት አካሄድ ነው፤ ሬሳው ብቻ የለም። ቀድሞ ተቀብሯል ማለት ነው አልኩና ተከተልኳቸው።

በሳምንቱም እዚያው አገኘኋቸው። ያንጊዜ ባዶ እጅ ነውር ነው ብዬ ስንዴና ሽምብራ ንፍሮ ቀቅዬ ነበር የወረድኩት። እንዴት ደስ እንዳላቸው! ጾመኞች ናቸው መሰለኝ፣ ሥጋ አይነኩም። የሳህኑን ጥግ ሳይቀር ለቀሙት። ለቅሶው አሁንም አልተነሳም። ሟቹ የተወደደ ሰው መሆን አለበት።

እኔ አስማማው

*

አሰላ
ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሽ አስማማው። እንዳሉበት አገር ብርድ ሳይሆን እንደ እግዜር ምሕረት ሰንብተዋል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ቀድሞ ክረምቱን ይነግረኛል። ጆሮዬን አይጠይቁኝ፤ ቅዳሴው ማለቁን የማውቀው ሰው ጫማ ሲያደርግ አይቼ ነው።

ደብዳቤዎን ሳነብ አንድ ቦታ ስደርስ መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩት። «ንፍሮ ቀቀልኩ»? እርስዎ? ወለተማርያም ትስማ! አርባ ዓመት አብረዋት ሲኖሩ ውኃ ሲፈላ አይተው የማያውቁ ሰው! ፊርደውስም አነበበችው መሰል፣ ሱቋ ቁጭ ብላ ስትስቅ አገኘኋት።

ለቅሶ መድረስ ጽድቅ ነው፤ ለባዕድ ሲሆን ደግሞ እጥፍ ነው። አደረጉት። ግን ወንድሜ፣ የሚሞት ሁሉ ለቅሶው በሦስት ቀኑ ይነሳለታል፤ ይሄ በየሳምንቱ የሚቀመጡለት ማን ቢሆን ነው? ንጉሥ ነው? እስቲ ይጠይቁልኝ።

የመቃብሩን ነገር ለሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ለሰብስቤ ነግሬዋለሁ። ውጭ አገር ያለ ሰው ከንስሐ አባቱ ቃል ያምጣ አለኝ። ብዙ ሰው ሃይማኖቱን ሲለውጥ በአጥራችን ውስጥ ለምን ቦታ እንይዛለን ይላል። እኔ ዋሱ ነኝ፣ አስማማውን የምታውቀው አይመስለኝም አልኩት። ለጊዜው ዝም ብሏል። ቃሉን ግን ይላኩ።

የጉልበት ቅባት እዚያ ይገኛል ይባላል። የሚመጣ ሰው ካገኙ ይላኩልኝ፤ ካላገኙ አይጨነቁ።

እህትዎ አጸደ

*

ዌስተን፣ ቶሮንቶ
ሐምሌ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ አጸደ። ዶፉ ከጣሪያዎ፣ ብርዱ ከጉልበትዎ ይራቅ።

ቅባቱን በቲጂ እጅ ልኬያለሁ፣ የሃብታሙ ሚስት፣ እኛ ፎቅ ላይ የምትኖረው። እናቷን ለማየት አሰላ ትመጣለች። ቅዳሜ ዕለት በወንዙ ዳር ስታልፍ ከለቅሶተኞቹ ጋር አየችኝ። ቆማ አፈጠጠችብኝና ጥላን ሄደች። መቀመጡ ይቅር፣ ለቅሶ ሲታይ ጎንበስ ይባላል። የዛሬ ልጆች!

ማን እንደሞተ እስካሁን አልጠየቅኩም። ከቆየሁ በኋላ መጠየቅ ደግሞ የባሰ ነውር ሆነብኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ለማን ኖሯል የተቀመጥከው አይሉኝም?

አንድ ነገር ልንገርዎት። እኔ ዕድሜዬን ወፍጮ ቤት የጨረስኩ ሰው ነኝ። ሞተሩ ጠፍቶም ጆሮዬ ውስጥ ይፈጫል። እዚህም አገር መጥቶ አልተወኝም፤ ባቡሩ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሲያልፍ ይቀሰቅሰዋል። እዚያ ዛፍ ሥር ስቀመጥ ግን መጀመሪያ ይፈጫል፣ ከዚያ እህሉ ያለቀ ይመስል ይቀልላል፣ ከዚያ ውኃው ብቻ ይሰማኛል። ለመክሊት ነግሬያት አላውቅም።

የንስሐ አባቴን ከፍልሰታ ጾም በኋላ አነጋግራቸዋለሁ። ሰብስቤን ግን አስማማው እንደ ስንዴ አይነፋም ይበሉት።

እኔ አስማማው

*

አሰላ
ነሐሴ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ አስማማው። ጤና ይስጥልኝ። ቅባቱ ደርሷል።

ቲጂ ያየችውን ነገረችኝ። እየጮኸች ነው የነገረችኝ፤ ለኔ ጆሮ ብላ ስትጮህ ግቢው ሁሉ ሰማ። ለቅሶ አይደለም። ቡዲስት የሚባሉ ናቸው። ያቺ ሴት ባል አልሞተባትም፤ መነኩሲታቸው ናት። ቲጂ እንደምትለው እርስዎ ከፊቷ ዓይንዎን ጨፍነው ተቀምጠዋል።

ሰብስቤ በማግስቱ መጣ። «እትዬ፣ ዋስ የሆኑት ለማን ነው?» አለኝ። ምን ልበለው? ሃምሳ ዓመት በዚህ ደብር ስሜ አንድ ቀን በክፉ አልተነሳም።

ተታልለው ከሆነ የሽማግሌ ነገር ነው፣ ይቅር ይባላል። አሁን ግን አወቁ። እስከ መስቀል ድረስ አንዲት ቃል ይጻፉልኝ፦ «ትቼዋለሁ»። ሰብስቤ የንስሐ አባቱን ቃል ሳልጠብቅ ይህቺ ትበቃኛለች ብሏል። ካልጻፉ ሄጄ ቦታውን እለቃለሁ። የእህቴ መቃብር ላይ ክርክር አልፈልግም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እርስዎ ሁለቱንም ሆኑብኝ።

ይህን ባልጽፍ ደስ ባለኝ፦ ለወለተማርያም በተከራያችሁት አዳራሽ ግማሽ ቀን ተቀመጣችሁ ብላ መክሊት ራሷ ነግራኛለች። ለእህቴ ግማሽ ቀን፣ ለማያውቁት ሰው ክረምቱን ሙሉ?

አጸደ

*

ዌስተን፣ ቶሮንቶ
መስከረም 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ አጸደ። አዲሱ ዓመት ለቤትዎ የእህል ይሁንልዎ።

ቁጣዎ ደርሶኛል። ሌላ ሰው ቢጽፍልኝ ቀድጄ እጥለው ነበር፤ አስማማው ለማንም መልስ ሰጥቶ አያውቅም። ለእርስዎ ግን እሰጣለሁ። የእሷ እህት ነዎት።

ቲጂ ያለችው እውነት ነው። እኔም ያወቅኩት ደብዳቤዎ ከመድረሱ በፊት ነው። ቅዳሜ ነበር፤ የደም ግፊት ኪኒኔን ረስቼ ወርጄ ኖሮ መክሊት ይዛልኝ መጣች። ገና ከሩቅ፣

«አባዬ! ምን እየሠራህ ነው? ሜዲቴት ታደርጋለህ እንዴ?»

«ዝም በይ፣ ለቅሶ ላይ ነን» አልኳት ድምፄን ቀንሼ።

«የማን ለቅሶ?»

«የሴትዮዋ ነዋ። ፀጉሯን አታዪም?»

አፏን ብትይዘውም ሳቋ አመለጣት። «ኧረ በማርያም! መነኩሴ እኮ ናት። ቡዲስት ናቸው። ዝም ብሎ ለማሰላሰል በየሳምንቱ ሚት የሚያደርጉ ግሩፕ ናቸው አባዬ፣ ማንም አልሞተም!»

ማንም አልሞተም። እትዬ አጸደ፣ ፊቴ እንደ ምጣድ ጋለ። ከዘራዬን ይዤ ልነሳ ስል ጉልበቴ ታስሮ እምቢ አለኝ። መነኩሲቷ መክሊትን ምን ሆነው ነው ብላ ጠየቀቻት። ያቺ ልጅ ደግሞ አንድ ሳታስቀር በእንግሊዝኛ ዘረገፈችው፤ ለቅሶ መስሏቸው ነው፣ ንፍሮውም የሐዘን ቤት ምግብ ነው ብላ። ከኤግሊንተን ዌስት የሚመጣ ግዙፍ ጀማይካዊ አለ፤ ከሁሉ ይልቅ ንፍሮውን የሚወድ እሱ ነበር። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቀረ። ይስቁብኛል ብዬ ጠበቅኩ። አንድም የሳቀ የለም።

መነኩሲቷ አንድ ነገር ተናገረች። መክሊት ልትተረጉም አፏን ከፈተችና ድምጿ ወረደ።

«አባዬ... ታዲያ እርስዎ ለማን ነው የተቀመጡት? ትላለች።»

ከዘራዬን ሳሩ ላይ አኖርኩና «ለእናትሽ» አልኳት።

መክሊት አልተረጎመችውም። ሳሩ ላይ ከጎኔ ቁጭ አለች። መተርጎምም አላስፈለገውም። መነኩሲቷ ተነስታ መጣች፣ ከፊቴ ቆማ ሁለት እጇን ገጥማ ጎንበስ አለች። ከኋላዋ ሌሎቹ፣ አንድ በአንድ። ጀማይካዊው ሲደርስ ትከሻዬን ያዘው። ለቅሶ ደረሱኝ፣ እትዬ አጸደ። አገራችን ላይ እንደምንደርሰው፣ ሳያወሩ፣ መሬት ላይ ላለ ሰው ጎንበስ ብለው።

ያኔ አለቀስኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ። እኔን ግን ከሞተች ወዲህ ሁለት ዓመት ገዶኝ ነበር።

ግማሽ ቀን ብለውኛል። እውነት ነው። ዳንፎርዝ ላይ አዳራሽ ተከራዩልኝ፤ ሰው በሚታጠፍ ወንበር ተደርድሮ ተቀመጠ፣ በላ፣ ሰዓቱን አየ። ጊዜው ሲሞላ የአዳራሹ ሰው ወንበሮቹን ማጠፍ ጀመረ። እኔ ወዳለሁበት ሲደርስ ፊቴ ቆሞ ጠበቀኝ። ነውር እንዳይሆን ብዬ ተነሳሁለት። የወለተማርያም ለቅሶ እንዲያ ተነሳ።

ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ። «ከሰገድክ ወደ እኔ አትምጣ» አሉ። አልሰግድም። እነሱ ሲሰግዱ እኔ እንደ ጉቶ ተቀምጬ ነው የማየው፤ በልቤ አባታችን ሆይ እላለሁ፣ እነሱም ያውቃሉ፣ ማንም ተው ያለኝ የለም። የሰብስቤን ወረቀት ስጠይቃቸው «እናስብበት» አሉኝ። አልነዘነዝኳቸውም።

«ትቼዋለሁ» ብለው ይጻፉ ላሉኝ፣ አልጽፍም። አልተውኩማ። ያልተውኩትን ትቻለሁ ብዬ በውሸት ከሚስቴ ጎን አልተኛም፤ እሷ ውሸት ትጠላ ነበር፣ ያውቃሉ። የእርስዎንም ስም በኔ ምክንያት ማንም እንዳያነሳው። ቦታውን ከለቀቁ አልከራከርዎትም።

እኔ አስማማው

*

ዌስተን፣ ቶሮንቶ
መስከረም 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ አጸደ። በደህና ውለው ይደሩ።

መስቀል አለፈ። መልስ አላገኘሁም። ፊርደውስ ለመክሊት «ከሰጠኋቸው ቆየ» ብላታለች፤ ስለዚህ ደርሶዎታል።

እዚህ ቅጠሉ መርገፍ ጀምሯል። የቅዳሜ ሰዎች ቁጥራቸው ቀነሰ፣ እኔ ግን ካፖርቴን ደርቤ እወርዳለሁ። መክሊትም ሥራ በማይኖርባት ቀን አብራኝ ትቀመጣለች። እናቷን አንስተን አናወራም ነበር፤ አሁን ወደ ቤት ስንወጣ እናወራለን።

አልነዘንዝዎትም ብያለሁ፣ አልነዘንዝዎትም። አንዲት ነገር ብቻ። ቦታውን ለሰው ሰጥተውት ከሆነ ለማን እንደሰጡት ይጻፉልኝ። ጎረቤቷ ማን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ጨዋ ሰው ይሁን።

እኔ አስማማው

*

አሰላ
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጋሽ አስማማው። ካፖርትዎን ሳይቆልፉ እንዳይወጡ፤ ይህ ሰላምታዬ ነው።

ስለዘገየሁ ይቅርታ አልጠይቅም። ተቆጥቼ ነበር። የመስከረሙን ደብዳቤ አንብቤ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት፣ ሁለተኛ እንዳላየው። ሲነጋ አወጣሁት። እንዲህ ስል ከረምኩ።

ለሰብስቤ ቃል አልመጣም ብዬ ነገርኩት። በቀደም እንግዲያውስ ይምጡና ቦታውን ያሳዩን፣ እንለካው አለኝ። ሄድኩ። ለእውነቱ ከሆነ ልለቀው ነው የሄድኩት። ሰብስቤ ሊያጠናቅቅ የያዘው ስብሰባ ነበረና እዚያው ይጠብቁኝ አለ። ቆሜ ጠበቅኩ፤ ጉልበቴ አልቻለም። ወንበር የለ። ባዶው ቦታ ላይ፣ አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ዝምታ ለኔ ብርቅ አይደለም፤ ጆሮዬ ከጠፋ ወዲህ የማገኘው እሱን ብቻ ነው። ግን ወለተማርያምን ላዋራት፣ ባልሽ እንዲህ ሆነ ብዬ ልከስዎት ነበር የፈለግኩት። አፌ አልታዘዝ አለኝ። ተቀመጥኩ። እርስዎ ዳንፎርዝ ላይ ለወንበሩ ሲነሱ እኔ እዚህ ድንኳን አስተክል ነበር። ወጥ አልደረሰም፣ ውኃ አልቋል፣ እነ እገሌ አልበሉም። ስንት መቶ ሰው እህቴን አልቅሶ ሲሄድ እኔ ሳህን እቆጥር ነበር። እኔም አልተቀመጥኩላትም ነበር፣ ጋሽ አስማማው። ይህን እዚያ አፈር ላይ ሆኜ ነው ያወቅኩት። ፀሐይዋ ከአጥሩ ወዲያ ወረደች፤ ሰብስቤ እንዲዘገይ ስጸልይ ራሴን አገኘሁት።

በመጨረሻ ሁለት ሰዎች አስከትሎ፣ መለኪያ ገመድ ይዞ መጣ። ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብሎ፣

«እትዬ! ባዶው ይሄ ነው?» አለኝ።

«ሰው አለበት» አልኩት።

«ማን አለበት?»

«የእህቴ ባል።»

«ኧረ እትዬ፣ እሳቸው እኮ ተለውጠዋል ተባለ!»

«አስማማው? ሠላሳ ዓመት የወፍጮ ቤት ካፖርቱን ያልለወጠ ሰው ሃይማኖት ይለውጣል?»

ገመድ የያዙት ሰዎች ሳቁ። ሰብስቤ አልሳቀም። የንስሐ አባታቸው ቃልስ አለኝ። ይመጣል፣ እስኪመጣ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ፣ አምጣ ልፈርም አልኩት። ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ስምዎን ጻፈ፣ እኔም ፈረምኩ። ከዚያ እጅህን ስጠኝ ብዬው አነሳኝ።

እንግዲህ አባን ይለምኗቸው፤ ኩራትዎን ለአንድ ቀን ያሳድሩትና ይለምኗቸው። የስግደቱን ነገር አደራ። መቀመጡን ግን ይቀመጡ። እኔም ጉልበቴ በፈቀደ ቅዳሜ ወደ እሷ እሄዳለሁ።

ስለ ጎረቤቷ ጠይቀው ነበር። ጨዋ ነው፤ ግትርነቱ ብቻ ያስቸግራል። አይቸኩሉብን። ጊዜዎ ሲደርስ ግን ሌላ አገር ተቀብረው በፊርማዬ እንዳያሳፍሩኝ።

እህትዎ አጸደ